ወንዙ ድንበር የሆነበት ምርጫ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ወጣቶች የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው በሬን አንኳኩ። አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። ልጅቷ የያዘችውን ታብሌት እያየች፣ «እናቴ፣ የሚመርጡበትን የምርጫ ክልል ያውቁታል ወይስ እኛ እንፈልግልዎት?» አለችኝ። ቁጥሩን ወዲያው ነገርኳት። አብሯት ያለው ልጅ ፈገግ ብሎ፣ «ብዙ ሰው እኮ አያውቀውም» አለ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው፣ አመስግነው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ወደ ምስር ለቀማዬ ስመለስ ጠጠሩን ትቼ ምስሩን እጥል ጀመር። የምርጫ ክልል የሚባለውን ነገር ከብዙ ሰው ቀድሜ ነው ያወቅሁት። ያኔ የተሰመረው ድንበር በየት በየት እንደሚያልፍ ዛሬም በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። ለምን እንደሆነ ግን ለልጆቼ እንኳ በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም።

ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ታይፕ ተምሬ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ አዲስ አበባ ያደገ ነጋዴ ነው፤ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። መገናኛ ያኔ እንደ አሁኑ የሰው ጎርፍ የሚተራመስበት አልነበረም። ጥቂት ታክሲዎች ቆመው ሰው እስኪሞላ ይጠብቃሉ፤ ወያላው ተጣርቶ ሲደክመው ታክሲው ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይመጥ ነበር። ከሱቃችን ትንሽ ዝቅ ሲባል አስፋልቱ ያልቅና ጥቁሩ የመረሬ አፈር ይጀምራል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያጠምዳል፤ በክረምት ጫማ ይነቅላል። አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲል ጣራችንን ሊነካ ምንም ያህል ስለማይቀረው፣ የሰፈራችን ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ዝም ይላል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እኔ እስካሁን ከፍ ያለ ድምፅ ስሰማ በወሬዬ መሃል ዝም የምለው ከዚያ በተረፈኝ ልማድ ነው።

ከመረሬው በታች ወንዝ አለ። ወንዝ እንበለው እንጂ በበጋ ሴቶች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ፣ ቀሚሳቸው እንኳ ሳይርስ የሚሻገሩት ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለውን ሁላችንም «ማዶ» ነበር የምንለው። ማዶ የሽንብራና የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ጥግ፣ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ጥር ላይ የማዶ ሴቶች የሽንብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ ይዘው ሱቃችን ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ቅርፊቱን ስንፈለፍል ጣታችን ላይ የሚቀረው ጨዋማ ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ገበያቸው በእኛ በኩል ነው። ዕድራቸውም፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ወንዙ ለየን ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ክረምት ካልሆነ በስተቀር።

መምህር ዘርጋው በዚያ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። እኔንም ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ቀጠን ያሉ፣ የኮታቸው ክርን የተጣፈ፣ ተቆጥተው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሲከፈት፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር ማለዳ ወርደው ከዚህኛው ዳር ባሕር ዛፍ ወደዚያኛው ገመድ ያስራሉ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው መሃል ይቆማሉ። የማዶ ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው አናታቸው ላይ አድርገው፣ ገመዱን ይዘው ይሻገራሉ።

አንድ የመስከረም ጠዋት መምህሩ ወባ ተነሥቶባቸው ቤት ዋሉ። ገመዱን ያሰረ ሰው አልነበረም። ቢፍቱ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን ልትሻገር ገባች። ከሰዓት በኋላ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አገኟት። እናቷን እትዬ ጫልቱን አውቃቸዋለሁ፤ እሸት ይዘው ከሚመጡት ሴቶች አንዷ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ወደ ሱቃችን አልመጡም።

መምህር ዘርጋው ከአልጋ ሲነሡ ሌላ ሰው ሆኑ። ድልድይ ይሠራልን የሚል ማመልከቻ ጽፈው ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመሩ። የእግረኛ መሻገሪያ ነው የጠየቁት፤ ሁለት ግንድና ጣውላ ቢሆንም አይጠሉም። አንድ ቀን ሳሙና ሊገዙ መጥተው ለአባቴ ሲነግሩት ሰማሁ።

«ዛሬ ያነጋገረኝ ሰው ደህና ሰው ነው፤ አላመናጨቀኝም» አሉ። «ግን፣ "መምህር፣ እርስዎ የማን ተወካይ ሆነው ነው የመጡት?" ብሎ ጠየቀኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አላቸው አባቴ።

«ተወካይ ካልሆንክ አትሰማም ከተባለ፣ ተወካይ መሆን ነዋ።»

አባቴ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን በግላቸው ለመወዳደር ተመዘገቡ። ዕጩዎች ማንበብ ለማይችል ሰው መለያ የሚሆን ምልክት ይወስዱ ነበር። ከቀረበላቸው ምልክት ውስጥ ድልድይ ስለሌለ መሰላል መረጡ። በየደጁ ሲዞሩ ሥዕሉን ያሳዩና፣ «እስቲ ወንዙ ላይ አጋድማችሁ እዩት፤ ድልድይ ነው» ይሉ ነበር። ሰዉ ይስቃል። ግን አንዴ የሰማው አይረሳውም።

እኔ የምርጫ መዝጋቢ የሆንኩት የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበር ነው። አባቴ፣ «የመንግሥት ወረቀት የነካ እጅ ከጣጣ አይርቅም» ብሎ ብዙ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጬ መዋሌ ከዚያ ይልቅ አሳሰበው መሰለኝ ፈቀደልኝ። የምዝገባው ጣቢያ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ክፍል ነበር። ኃላፊያችን አቶ ግርማ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ንጹሕ መሐረብ ይይዛሉ፤ ወንበራቸውን ሳይጠርጉ አይቀመጡም። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ራህመት፣ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አልወድም» ይሉኝ ነበር።

የማዶ ሰዎች የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ነጭ ለብሰው፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው፣ ሠርግ የተጠሩ መስለው ነው የመጡት። የሚመዘገቡት እዚህ አይደለም ያለን ሰው ስላልነበረ መዘገብናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ጣታቸውን ቀለም አስነካሁ፤ ካርድ ሞላሁላቸው። እትዬ ጫልቱ ተራቸው ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው የጻፍኩትን አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። የጻፍሽው የኔ ስም ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ ጫልቱ። ይኸው፣ ይህ ጫልቱ ይላል።»

ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት። «ለሊሴ ታነብልኛለች» አሉ። ለሊሴ ታናሿ ልጃቸው ናት፤ በዚያ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ካርዱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ሄዱ።

ምዝገባው አልቆ መዝገቡን በምናስተካክልበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ቀን ከደብዳቤ ጋር ካርታ መጣ። አቶ ግርማ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጠርተው አሳዩኝ። የምርጫ ክልላችን ድንበር ወንዙ ነው። ማዶ ያለው በሙሉ ወደ ምሥራቅ ለሚዘልቀው፣ ገጠሩን ለሚይዘው ሌላ የምርጫ ክልል ተሰጥቷል። ጣቢያቸው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«ወንዝ ጥሩ ድንበር ነው» አሉ አቶ ግርማ፣ እንደ ድሮ ሥራቸው። «አይነቃነቅም፤ አያከራክርም።» ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። «እኛ የመዘገብናቸው እንግዲህ...»

ደብዳቤው ቅሬታ ያለው እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያቅርብ ይል ነበር። አቶ ግርማ ግን ካርታው ስሕተት ሊሆን ይችላል አሉ። እስኪያጣሩ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። «ሕዝብ ይረበሻል። ሰኞ ጠይቄ እመለሳለሁ።» ተንኮል አልነበረባቸውም። ያንን ያኔም አውቅ ነበር፤ አሁንም አውቃለሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ መምህር ዘርጋው ከማዶ ሲመለሱ ገቡ። ጫማቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ፊታቸው ግን ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ አንድ ሙከራ ሲሳካላቸው የማውቀውን ፊት ይመስላል። እትዬ ጫልቱ የገብስ ቆሎ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጥተዋቸው ነበር። እጄን አስዘርግተው አፈሱልኝ።

«ራህመት፣ ማዶ አንድ ሰው ሳይቀር ካርድ አለው። አንድ ሰው። እንዳንቺ ያለ መዝጋቢ ይብዛልን» አሉኝ።

ቆሎውን ወደ አፌ አስገባሁ። ገና ትኩስነቱ አልጠፋም። እየቆረጠምኩ ቆየሁ፤ አፌ ባዶ ሲሆን መናገር ይኖርብኛል ብዬ ስለፈራሁ እንደገና ዘገንኩ። አውሮፕላን መጣ። እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ እሳቸው ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ አልቀጠልኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ነው እላለሁ። አባቴን ጣጣ ውስጥ እንዳላስገባ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ምናልባት ከዚህም ያነሰ ነው፤ ታዛዥ ልጅ ስለነበርኩ፣ አትናገሪ የተባልኩትን አልተናገርኩም።

ሰኞ አቶ ግርማ ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ካርታው ልክ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ማግሰኞ ቀዩን ብዕርና ማስመሪያውን ሰጡኝ። ከጠዋት እስከ ቀትር የማዶን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆመው አይተው፣ «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው መሰለኝ።

መምህር ዘርጋው ማስታወቂያው ሲለጠፍ መጥተው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብተው አቶ ግርማን ስለ ቅሬታ ጠየቁ፤ ጊዜው እንዳለፈ ነገሯቸው። እኔን አላዩኝም። መዝገቡ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

ምርጫው ግንቦት ላይ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መረሬው ለስልሷል፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ እርጥብ አፈርና ሰልፈኛው የያዘው ትኩስ ዳቦ ይሸታል። የማዶ ሰዎች ማስታወቂያውን ሰምተዋል። መምህሩ ራሳቸው ሄደው፣ ድምፃችሁን የምትሰጡት እዚያኛው ጣቢያ ነው፣ ሂዱና ምረጡ ብለዋቸዋል። ግን እዚያ የሚያውቁት ዕጩ የለም፤ መሰላልም የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ እኛ ዘንድ መጡ፤ ምናልባት ተብሎ።

መዝገቡን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። «ስምዎ እዚህ የለም አባባ።» «እዚህ አይደለም እማማ።» ሽማግሌዎቹ አልተከራከሩኝም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እትዬ ጫልቱ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ካርዶቹ ይመለሱ ሲባል እሳቸው አልመለሱም ነበር።

«ይህ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«ስሜን ጽፈሽው አልነበር?»

«ጽፌው ነበር፣ እትዬ ጫልቱ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

መዝገቡን ገልጬ ቀዩን መስመር ላሳያቸው እችል ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሰጥቻቸው ግቡ ልላቸውም እችል ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ታዛቢዎች ግን ዓይናቸውን ከእጄ አላነሡም። «እኔ አላውቅም» አልኩ። እትዬ ጫልቱ ካርዱ ላይ ያለውን ስማቸውን በጣታቸው ተከተሉት። ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው በትሕትና «እናቴ፣ እንለፍ» አላቸው። ካርዱን መልሰው ቋጥረው ወጡ። በመስኮት ሳይ መምህር ዘርጋው ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። ዕጩ ጣቢያው አጠገብ ሰው እንዳያነጋግር ተከልክሏል። እሳቸው በሩቁ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው፤ እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን አሳዩዋቸው።

መምህር ዘርጋው ተሸነፉ። ውጤቱ በማግሥቱ በር ላይ ተለጠፈ። የጎደላቸው ድምፅ እኔ በቀይ ከሰረዝኳቸው ስሞች ያነሰ ነበር። ይህን ቁጥር ከእኔና ከአቶ ግርማ በቀር ያመሳከረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያሸነፉት ሰው ክፉ አልነበሩም። ሊያመሰግኑ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ከአስተማሪዎች ጋር ሻይ ጠጥተው ነበር። መምህር ዘርጋው ስለ ድልድዩ ጠየቋቸው። «መምህር፣ ማዶ እኮ የእኔ ክልል አይደለም» አሉ፤ ልክ ነበሩ። መምህሩ የማዶውን ተወካይ ፈልገው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው አገኟቸው። እሳቸው ደግሞ፣ «ትምህርት ቤቱ በእነዚያ በኩል ነው፤ ድልድዩም የእነሱ ጉዳይ ነው» አሉ፤ እሳቸውም በበኩላቸው ልክ ነበሩ። አንዱ ዳር የአንዱ፣ ሌላው ዳር የሌላው ሆነና፣ ውኃው የማንም ሳይሆን ቀረ።

ሰኔ ሲገባ መምህር ዘርጋው ገመዳቸውን ይዘው ወረዱ። እኔም ማለዳ ማለዳ እየሄድኩ በዚህኛው ዳር ገመዱን እይዝ ነበር። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲሻገሩ ለሊሴን ፈለግኳት። አልነበረችም። መምህሩ ማዶ ሄደው እናቷን ለመኗቸው። እትዬ ጫልቱ አልተቆጡም። «አንዷን ወስዶብኛል። ድልድዩ ሲሠራ አመጣታለሁ» አሉ። መስከረም መጣ፤ የሚቀጥለውም መስከረም መጣ። ለሊሴ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ምርጫ ክልሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተወካይ አይቷል። አንዳንዶቹን በስብሰባ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ፖስተር ላይ ብቻ ነው ያየኋቸው። መምህር ዘርጋው ዳግመኛ አልተወዳደሩም። ድልድዩ በመጨረሻ የመጣው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ሰፊው መንገድ ሲዘረጋ ወንዙ ቱቦ ውስጥ ገባ፤ አሁን መኪኖች ከስራቸው ውኃ መኖሩን ሳያውቁ ያልፉበታል። የሽንብራው ማሳ ሕንፃ ሆኗል። ማዶ የነበሩት ሰዎች ግን ያኔ እዚያ አልነበሩም፤ ከቦታቸው ተነሥተው የተወሰኑት ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ለሚ፣ የተወሰኑት ከዚያም ወዲያ ሄደው ተበትነዋል።

መምህር ዘርጋው አሁን ሰማንያን አልፈዋል፤ ሲ ኤም ሲ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ዘንድሮ ፋሲካ እንኳን አደረሰዎት ልላቸው ሄድኩ። ሥጋው ስለማይሆነኝ ልጃቸው ሁልጊዜ አሹቅና ሻይ ታቀርብልኛለች። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ ለሠላሳ ዓመታት የያዝኩትን ነገርኳቸው። ሐሙስ ካርታውን እንዳየሁ፣ ቅሬታ እስከ ሰኞ እንደነበር፣ ቅዳሜ ሱቅ ሲመጡ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ።

የዘገኑትን አሹቅ መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉ። «ቅዳሜ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ብትነግሪኝስ? ወንዙን ማን ያዛውረዋል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው ቀጠሉ። «እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጫልቱ ለሊሴን ኮተቤ የምትኖር የራሷ እህት ዘንድ አስቀምጣ ልታስተምራት አስባ ነበር። ድልድይ ይሠራል፣ ጠብቂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው።

እሳቸው ያሉኝን አምነውበት ይሁን አዝነውልኝ አላወቅሁም። እኔም ያልኩትን ምን ያህል እንዳመንኩበት አላውቅም። ለሁለታችንም እውነቱን ሊነግሩን የሚችሉት እትዬ ጫልቱ ብቻ ናቸው፤ ወዴት እንደሄዱ ደግሞ ሁለታችንም አናውቅም።